ወተት የሚጎዳቸው ሰዎች

ወተት ለሕፃን ምግብ ነው። ዕንቁላል ለታመመ ሰው ማገገሚያ ነው። ሥጋ፣ ባቄላ፣ ምስርና ሽንብራ ሰውነትን ይገነባሉ። ይህን በጤና ትምህርት ደጋግመን ሰምተናል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን እነዚህ መልካም ምግቦች አእምሯቸውን የሚጎዱባቸው ጥቂት ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ይህ የሚደርስባቸው ተረግመው አይደለም። የሰው ዓይን በልቷቸውም አይደለም። ሲወለዱ ጀምሮ ጉበታቸው አንድ ሥራ መሥራት ስለሚያቅተው ነው።

በሽታው ፌኒልኬቶኑሪያ ይባላል። ስሙ ረጅም ስለሆነ ሐኪሞች አሳጥረው ፒ.ኬ.ዩ. ይሉታል። እኛም እንደዚያው እንበለው። በሽታው በብዛት የሚገኝ አይደለም። በአውሮፓ ከ10,000 ሕፃናት አንዱ ያህል ይዞት ይወለዳል።

«ከ10,000 አንድ ከሆነ እኛ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ከዘር የሚወርዱ በሽታዎች ዓይነታቸው ብዙ መቶ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ጥቂት ሰው ይይዛል፤ አንድ ላይ ሲቆጠሩ ግን የሚይዙት ሰው ብዙ ነው። ደግሞም የፒ.ኬ.ዩ. በሽተኞች ታሪክ አንድ ትልቅ ነገር ያሳየናል። ጉበት ያቃተውን ሥራ ሰው በማንበብ፣ በመመዘንና በመቁጠር ሊተካው ይችላል። ሥራው ግን ዕድሜ ልክ ነው።

ምግብ ሆድ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል?

ሰውነት ገንቢ ምግቦች ውስጥ ፕሮቲን የሚባል ነገር አለ። ሰውነታችን ፕሮቲንን እንዳለ አይወስደውም። ሆድና አንጀት ይፈጩትና ወደ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፍሉታል። ክፍሎቹ 20 ዓይነት ናቸው። ከ20ዎቹ አንዱ ፌኒልአላኒን ይባላል። ባጭሩ ፌኒል እንበለው።

ሰውነት ከፌኒል የሚያስፈልገውን ያህል ይወስዳል። የተረፈውን ጉበት ወደ ሌላ ጠቃሚ ነገር ይለውጠዋል። የፒ.ኬ.ዩ. በሽተኛ ጉበት ግን ይህን መለወጥ አይችልም፤ ወይም የሚችለው በጣም ጥቂቱን ብቻ ነው።

ውኃ በቦይ ጠልፎ ማሳ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ነገር ከማንም በላይ ይረዳዋል። ውኃው መጀመሪያ ወደ ላይኛው ማሳ ይገባል። የተረፈው በመክፈቻው አልፎ ወደ ታችኛው ማሳ ይወርዳል። መክፈቻው ቢደፈንስ? የላይኛው ማሳ ይጥለቀለቃል፣ ሰብሉም ይበሰብሳል። የታችኛው ማሳ ደግሞ ይደርቃል። የፒ.ኬ.ዩ. ነገርም እንዲሁ ነው። ፌኒል በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከእሱ መገኘት የነበረበት ጠቃሚ ነገር ይጎድላል። በዚህ ሁሉ ዋናው ተጎጂ አእምሮ ነው።

ሕፃኑ ሲወለድ ደህና ይመስላል። ምክንያቱም በማኅፀን ሳለ የእናቱ ጉበት ትርፉን ሲያስወግድለት ቆይቷል። ጡት መጥባት ሲጀምር ግን ፌኒሉ መጠራቀም ይጀምራል። ካልታከመ ወራት ባለፉ ቁጥር ልጁ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ይቀራል። መቀመጥ፣ መሄድና መናገር ይዘገይበታል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይናገርም። የሚጥል በሽታ የሚይዘው አለ። የቆዳውና የጠጉሩ ቀለም ከወንድሞቹ ይልቅ ይነጣል። ሽንቱ እንደ አይጥ ያለ ሽታ አለው። አንዴ የተጎዳ አእምሮ ደግሞ እንደገና እንደ አዲስ አይሠራም።

ከጤነኛ ወላጆች እንዴት ይወለዳል?

ብዙ ጊዜ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። «አባትም ጤነኛ፣ እናትም ጤነኛ፤ ታዲያ በሽታው ከየት መጣ?» ይባላል። ከዚያ ሐሜት ይከተላል። ባል ሚስቱን ይጠረጥራል፤ አማት ምራቷን ትከሳለች።

እስቲ ከብቶቻችንን እናስብ። ጥቁር በሬና ጥቁር ላም አንዳንድ ጊዜ ቀይ ጥጃ ይወልዳሉ። ጥጃው ከሌላ ኮርማ አልመጣም። ቀዩ ቀለም በሁለቱም ውስጥ ተደብቆ ነበር። ሁለቱም የተደበቀውን ሲያወርሱ በጥጃው ላይ ወጣ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢያወርስ ኖሮ ጥጃው ጥቁር ይሆን ነበር።

ፒ.ኬ.ዩ. የሚወረሰውም እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ ለጉበቱ ሥራ ሁለት የውርስ መመሪያ አለው። አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ያገኛል። አንዱ መመሪያ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ያሠራል፤ ሰውየውም ጤነኛ ይሆናል። የተበላሸ መመሪያ እንዳለውም አያውቅም። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጋቡ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ሕፃኑ ሁለቱንም የተበላሹ መመሪያዎች የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ይህ ማለት ከአራት ልጆች የግድ አንዱ ይታመማል ማለት አይደለም። አራቱም ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለት ሊታመሙም ይችላሉ። እያንዳንዱ እርግዝና ለብቻው ይቆጠራል።

እንግዲህ በሽታው የሚመጣው ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ አይደለም። ከሁለቱም ነው፤ ሁለቱም ግን ጥፋት የለባቸውም።

ዘመዳሞች ሲጋቡ እንዲህ ያለ በሽታ ይበዛል። ምክንያቱም ከአንድ አያት የወረደ የተበላሸ መመሪያ በሁለቱም ዘንድ ሊገኝ ይችላል። አባቶቻችን ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ አያጋቡም ነበር። ይህ ልማድ ለጤናም የሚበጅ ነው። ሆኖም በሽታውን ፈጽሞ አያጠፋውም። ባዳ ሆነው የተጋቡ ሰዎችም የተበላሸ መመሪያ በየበኩላቸው ይዘው ሊገናኙ ይችላሉና።

እናቶች ጠየቁ፣ ሐኪሞች መረመሩ

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከእኛ አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማሉ።

በኖርዌይ አገር አንዲት እናት ነበረች። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም አእምሯቸው አላደገም። እናትየዋ የልጆቿ ሽንት እንግዳ የሆነ ሽታ እንዳለው አስተዋለች። ከሐኪም ወደ ሐኪም ሄደች። የሚሰማት አጣች። እሷ ግን መጠየቋን አልተወችም። በመጨረሻ በ1934 ፎሊንግ የሚባል ሐኪም የልጆቹን ሽንት መረመረ። አንድ ኬሚካል ጠብ ቢያደርግበት ሽንቱ አረንጓዴ ሆነ። ፎሊንግ በዚህ አላቆመም። አእምሯቸው የተጎዳ 430 ሰዎችን ሽንት መረመረ፤ በ8ቱም ላይ ያንኑ አገኘ። በሽታው የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው። ለሁለቱ ልጆች ግን ጊዜው አልፎ ነበር። መድኃኒትም ገና አልተገኘም።

ሁለተኛዋ እናት እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ ነበረች። ልጇ መቆም የማትችል፣ ቀኑን ሙሉ የምታቃስት ሕፃን ነበረች። ሐኪሙ ቢከል በሽታውን ለይቶ ነገራት፤ መድኃኒት እንደሌለውም ነገራት። እናትየዋ አልተቀበለችም። ጠዋት ጠዋት ከሚሠራበት ክፍል በር ላይ እየቆመች «ለልጄ ምን ልታደርግላት ነው?» ትለው ነበር። በመጨረሻ ቢከልና ጓደኞቹ ፌኒል የወጣለት የተለየ ምግብ አዘጋጁ። ሕፃኗ ማቃሰቷን ተወች፤ መቆምም ጀመረች። ፌኒል መልሰው ሲጨምሩባት ደግሞ ወዲያው ባሰባት። ምግቡ መድኃኒት መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ይህም በ1953 ታትሞ ለዓለም ታወቀ።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ምግቡ የሚያድነው አእምሮ ሳይጎዳ በፊት ከተጀመረ ነው። ታዲያ ደህና የሚመስለውን ሕፃን እንዴት ለይቶ ማወቅ ይቻላል? ጉትሪ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም መላውን አገኘ። ከሕፃኑ ተረከዝ ጥቂት የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ይደረጋል። ደሙ ከደረቀ በኋላ ወረቀቱ በፖስታ ወደ መመርመሪያ ይላካል። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይህ ምርመራ በአሜሪካ፣ ቀጥሎም በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ይመረመራል። በሽታው ከተገኘበት ወዲያው ምግቡ ይጀመርለታል። አእምሮውም ይድናል።

ልጆቹ አደጉ

እዚህ ላይ ታሪኩ ያበቃ ይመስላል፤ ግን አላበቃም። የዳኑት ልጆች አደጉ። ትምህርት ቤት ገቡ። ያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች «አእምሮ ካደገ በኋላ ምግብ አይጎዳውም» ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ከ5 እስከ 8 ዓመት ሲሆናቸው «ከእንግዲህ እንደ ሰው ሁሉ ብሉ» ተባሉ። ልጆቹም ደስ አላቸው። ከወንድሞቻቸው ጋር ከአንድ ገበታ በሉ።

ዓመታት ሲያልፉ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አንዳንዱ ሥራው ላይ ሐሳቡን መሰብሰብ አቃተው። አንዳንዱ ያለ ምክንያት ይጨነቃል፤ ይተክዛል። እጁ የሚንቀጠቀጥ አለ። ራሱን የሚያመው አለ። ብዙዎቹ ወደ ሐኪም መሄድ ከተዉ ቆይተዋል። ችግራቸው ከልጅነት በሽታቸው ጋር የተያያዘ መሆኑን አያውቁም። ዘመድ አዝማድ «ሰነፍ ነው፣ ቁጡ ነው» ይላቸዋል። ጥናቶች እየተከማቹ ሄዱ። በ2000 በአሜሪካ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ምግቡ ለዕድሜ ልክ እንዲሆን መከሩ። በአውሮፓም በ2017 የወጣው መመሪያ ይህንኑ አለ።

መመለሱ ግን ቀላል አልሆነም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለመደው ሰው የተለየውን ምግብ ይችለዋል። የሥጋና የዕንቁላል ጣዕም ያወቀ ምላስ ግን እንደገና ወደዚያ ሲመለስ ያስቸግራል።

አንድ ቀን እንዴት ያልፋል?

አንድ አዋቂ በሽተኛ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ እንይ። ጤነኛ አዋቂ በቀን 50 ወይም 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። በሽታው የከበደበት ሰው ግን ከተለመደው ምግብ መብላት የሚችለው ፕሮቲን ከ5 እስከ 7 ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህ ምን ያህል ነው? አንድ ዕንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 7 ግራም ያህል አለው። እንግዲህ አንዲት ዕንቁላል የቀን ድርሻውን ትጨርሳለች ማለት ነው።

«እንግዲያው ይጹም!» ልንል እንችላለን። የጾም ምግብም አይሆነውም። ሽሮ፣ ምስር፣ አተር ሁሉ ፕሮቲን አላቸው። ጤፍም አለው። አንድ ሙሉ እንጀራ ከቀን ድርሻው በላይ ነው።

ታዲያ ምን ይበላል? አብዛኛውን ፍራፍሬና አትክልት ይበላል። ዘይትና ስኳር አይከለከልም። ድንችን ግን በሚዛን ለክቶ ነው። ፕሮቲኑ ከወጣለት ዱቄት የተጋገረ ዳቦም አለ። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ደግሞ ፌኒል የሌለበት፣ ሌሎቹን የፕሮቲን ክፍሎች የያዘ ዱቄት በውኃ በጥብጦ ይጠጣል። ሽታውም ጣዕሙም ደስ አይልም። ይህ መጠጥ ከቀረ ግን ሰውነቱ ይከሳል፤ ይዳከማል።

የበላውን በደብተር ይጽፋል፤ ይደምራል። በየጊዜው ጣቱን ወግቶ የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ያደርግና ወደ መመርመሪያው ይልካል። መልሱ በቁጥር ይመጣለታል። የጤነኛ ሰው ቁጥር 60 ገደማ ነው። በሽታው የከበደበት ሰው ካልታከመ ከ1,200 ይበልጣል። በአውሮፓው መመሪያ መሠረት የአዋቂ በሽተኛ ቁጥር ከ600 ማለፍ የለበትም። ከፍ ካለ ደብተሩን ገልጦ ምን እንደበላ ይመረምራል።

ገበያ ሲሄድም ያነባል። በስኳር ፋንታ አስፓርቴም የሚባል ማጣፈጫ የገባባቸው ለስላሳ መጠጦች አሉ። ይህ ማጣፈጫ ፌኒል አለበት። ስለዚህ በአሜሪካና በአውሮፓ ፌኒል እንዳለበት በዕቃው ላይ እንዲጻፍ ሕግ ያዛል። ጽሑፉ በጣም ደቃቅ ነው። ጤነኛ ሰው አያየውም። ለፒ.ኬ.ዩ. በሽተኛ ግን ያቺ አንዲት መሥመር የጤና ጉዳይ ናት።

ሌላም ችግር አለ። ሰርግ ይጠራል፤ ለቅሶ ይደርሳል። «ብላ እንጂ፤ ምነው ናቅኸን?» ይባላል። ለሁሉም እየዞረ በሽታውን ሲያስረዳ ይሰለቸዋል። ከበሽታው ይልቅ ይህ የሚከብዳቸው ብዙዎች ናቸው።

መድኃኒትም መጥቷል። በአሜሪካ በ2007 አንዳንዶቹን ብቻ የሚረዳ መድኃኒት ተፈቀደ። በ2018 ደግሞ ለአዋቂዎች በየቀኑ የሚወሰድ መርፌ ተፈቀደ። መርፌው የተስማማቸው አንዳንድ ሰዎች እንደ ሌላው ሰው መብላት ችለዋል። ግን ሰውነታቸው በድንገት ክፉኛ የሚቆጣባቸውም አሉ፤ ስለዚህ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዋጋውም ውድ ነው።

እናት ልትሆን የምትፈልግ ሴት

ምግቡን ያቆሙት ሴቶች ልጆች አድገው አገቡ፤ ወለዱም። ያልታሰበ ሐዘን መጣ። ሕፃናቱ የእናታቸውን በሽታ ብዙውን ጊዜ አልወረሱም። ነገር ግን በእናትየዋ ደም የተጠራቀመው ፌኒል በማኅፀን ሳሉ ወደ እነሱ አለፈ። ራሳቸው ትንሽ ሆኖ፣ አእምሯቸው ተጎድቶ ተወለዱ። አንዳንዶቹም የልብ ጉድለት ነበረባቸው። በ1980 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ፌኒላቸው እጅግ ከፍ ካለ ያልታከሙ እናቶች ከተወለዱት ልጆች ከ10ሩ 9 ያህሉ የአእምሮ ጉዳት ነበረባቸው። እናቶቹ በምግብ የዳኑ ናቸው። የእነሱ መዳን ለልጆቻቸው እንዳይተርፍ ያደረገው ምግቡን ማቆማቸው ነው። እንዲያቆሙም የተነገራቸው በሐኪም ነበር።

ዛሬ መላው ይታወቃል። የፒ.ኬ.ዩ. በሽታ ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምራ ምግቧን አጥብቃ ትጠብቃለች። ቁጥሯ ከ360 እንዳያልፍ ደሟ ቶሎ ቶሎ ይመረመራል። ይህን ያደረጉ ብዙ ሴቶች ጤነኛ ልጆች ወልደው አሳድገዋል። ለዚህ ግን ባል መርዳት አለበት። ዱቄቱን የሚበጠብጥ፣ ድንቹን የሚመዝን፣ ስትሰለች የሚያበረታታ ባል ያስፈልጋታል።

በ1960ዎቹ ተወልደው በጊዜ የታከሙት ሰዎች ዛሬ ወደ 60 ዓመት ገደማ ናቸው። ሠርተው የሚኖሩ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ የልጅ ልጅ ያዩ አሉባቸው። ሳይታከሙ ያደጉትም ቢሆኑ ተስፋ አይቆረጥባቸውም። የተጎዳው አእምሮ አይመለስም፤ ነገር ግን ምግቡን በአዋቂነታቸው ጀምረው የተረጋጉ፣ ቁጣቸው የቀነሰ አሉ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ምርመራውም ምግቡም ባለበት አገር ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሕፃን ሁሉ አይመረመርም። ያ ሕፃን እዚያ ቢወለድ የሚሰጠው ስም ሌላ ነው፤ «የተረገመ»፣ «ጅል»፣ «ክፉ መንፈስ የያዘው» ይባላል።

ለእኛ ምን ያስተምረናል?

አንደኛ፣ ይህን ያነበበ ሰው ለልጁ ወተትና ዕንቁላል እንዳይከለክል። ለጤነኛ ልጅ እነዚህ ምግቦች አስፈላጊ ናቸው። ፒ.ኬ.ዩ. መኖሩ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ምግቡም የሚታዘዘው በባለሙያ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጅ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ሲቀር መደበቅ አይገባም። ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ ያስተዋሉትን ሁሉ መናገር ያስፈልጋል። የኖርዌይዋ እናት ሐኪም አልነበረችም። ሽታውን ግን ከሐኪሞቹ በፊት ያስተዋለች እሷ ናት።

ሦስተኛ፣ ከዘር የሚወርድ በሽታ ነውር አይደለም። የቤቱን ስም አያጠፋም። እናትም አትከሰስበት።

አራተኛ፣ ዕድሜ ልክ እንዲወሰድ የታዘዘን መድኃኒት ወይም ምግብ «አሁንስ ደህና ነኝ» ብሎ ማቆም አደጋ ነው። ደህና የሆንነው በመውሰዳችን ሊሆን ይችላል።

ቁጥርና ፊደል ለገበያ ሂሳብ ብቻ የሚጠቅሙ ይመስሉን ይሆናል። ለፒ.ኬ.ዩ. በሽተኛ ግን ሚዛኑ፣ ደብተሩና የዕቃው ጽሑፍ የጉበት ምትክ ናቸው። በእነሱ ይኖራል።

ተወያዩበት

1. ሁለቱም ወላጆች ጤነኞች ሆነው ልጃቸው በፒ.ኬ.ዩ. ሊታመም የሚችለው እንዴት ነው?

2. ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ መመርመሩ ለምን ይጠቅማል?

3. ምግቡን በልጅነታቸው ያቆሙ ሰዎች ምን ደረሰባቸው? በልጆቻቸውስ ላይ?

4. በመንደራችሁ አእምሮው ያላደገ ልጅ ሲወለድ ምን ይባላል? ይህ አባባል ልጁን ይረዳዋል ወይስ ይጎዳዋል?

5. ለምግብ የጠራችሁት እንግዳ «ይህን መብላት አልችልም» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?